የቮልቴጅ ሳግ ምንጩ ከወዴት ነው? የመለኪያው ምልክት ብቻውን ለምን አይበቃም

ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉት ጥያቄዎን በአጭሩ ልድገመው። ፋብሪካዎ ከ20 ኪሎ ቮልት መስመር ኃይል ይቀበላል፤ ጭነቱ ወደ 4 ሜጋ ቮልት አምፔር ይደርሳል፤ አብዛኛው ጭነት በድራይቭ (የሞተርን ፍጥነት በሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) የሚነዱ ሞተሮች ናቸው። በመግቢያው ላይ የተተከለው የኃይል ጥራት መለኪያ 8 የቮልቴጅ ሳጎችን (አጭር ጊዜ የሚቆዩ የቮልቴጅ ዝቅታዎችን) መዝግቧል። የመለኪያው ሶፍትዌር 5ቱን «ከምንጭ ወገን»፣ 3ቱን ደግሞ «ከጭነት ወገን» የመጡ ናቸው ብሏል። ኃይል አቅራቢው ይህን ይዞ 3ቱ የፋብሪካው ችግር ናቸው ይላል፤ እርስዎ ግን በእነዚያ ሰዓታት በግቢው ውስጥ የወረደ ብሬከርም ሆነ የተቃጠለ ፊውዝ አላገኙም። ከ3ቱ የአንዱን አሃዝ ልከዋል፦ ቮልቴጁ በሦስቱም ፌዞች ወደ 82 በመቶ ወርዶ 300 ሚሊ ሰከንድ ቆይቷል፤ በዚያው ጊዜ ከረንቱ ከ115 ወደ 138 አምፔር ጨምሯል። በመግቢያው ያለው የሾርት ሰርኪት አቅም (ኔትወርኩ እዚያ ሾርት ቢደርስ ሊያቀርብ የሚችለው ኃይል) 250 ሜጋ ቮልት አምፔር ነው። ሶፍትዌሩን ልመን ወይስ ኦፕሬተሮቼን ሲሉ ጠይቀዋል።

አሃዙን ለላኩት ክስተት ኦፕሬተሮችዎን ይመኑ። ምንጩ ከመለኪያው በላይ፣ በኔትወርኩ ወገን ነው። ይህን የምለው በግምት ሳይሆን ከላኳቸው አራት ቁጥሮች ተነሥቼ ነው፤ ስሌቱንም እርስዎ ራስዎ በወረቀት ሊደግሙት ይችላሉ። ከዚያ በፊት ግን የአቅጣጫ ዘዴዎች ሁሉ የቆሙበትን መሠረት ማየት ያስፈልጋል፤ ሶፍትዌሩ የተሳሳተው እዚያ ላይ ነውና።

ሳግ የምንለው የቮልቴጁ አርኤምኤስ (ውጤታማ) ዋጋ ከመደበኛው ወደ 10 እና 90 በመቶ መካከል ወርዶ ከግማሽ ሳይክል እስከ 1 ደቂቃ ሲቆይ ነው። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ፎልት (በመስመር ወይም በመሣሪያ ላይ የሚደርስ ሾርት ሰርኪት) ነው፤ አንዳንዴ የትልቅ ሞተር መነሣት ወይም ትራንስፎርመርን ከመስመር ጋር አገናኝቶ ኃይል መስጠት ይሆናል። መንስኤው የትኛውም ቢሆን ሥራው አንድ ነው፦ በአንድ ቦታ ከፍተኛ ከረንት ይሳባል፣ ያ ከረንት በኔትወርኩ ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ከረንት ባለው ተቃውሞ) ውስጥ ሲያልፍ ቮልቴጅ ይበላል፣ ከዚያ ነጥብ በታች ያለ ሁሉ ጉድለቱን ይጋራል። በዚህ ምክንያት አንድ ፊደር (ከሰብስቴሽን የሚወጣ የማከፋፈያ መስመር) ላይ የደረሰ ፎልት ከአንድ ባስባር (መስመሮች ከሚገናኙበት የጋራ ማያያዣ) በሚወጡ ፊደሮች ሁሉ ላይ ተመሳሳይ ሳግ ሆኖ ይታያል። ቮልቴጅ ብቻውን ከየት እንደመጣ አይናገርም፤ የሚናገረው ከከረንት ጋር ተጣምሮ ሲታይ ነው።

አሁን መለኪያዎን በሁለት ወገኖች መካከል እንደቆመ ምስክር ይቁጠሩት። ከበላዩ የምንጩ ወገን አለ፤ ይህ ወገን በአንድ የማይለወጥ ቮልቴጅና በአንድ የምንጭ ኢምፒዳንስ ሊወከል ይችላል። ከበታቹ የጭነቱ ወገን አለ፤ ይህ ደግሞ በጭነት ኢምፒዳንስ ይወከላል። ሳግ ሲደርስ ከሁለቱ አንዱ ይለወጣል፣ ሌላው እንደነበረ ይቆያል። ፎልቱ በጭነቱ ወገን ከሆነ የምንጩ ወገን አልተነካም፤ ስለዚህ የሚታየው የቮልቴጅ ለውጥ የከረንቱ ለውጥ በምንጩ ኢምፒዳንስ ተባዝቶ በአሉታዊ ምልክት የሚሰጠው ነው። ፎልቱ በምንጩ ወገን ከሆነ ደግሞ ያልተነካው ጭነቱ ነው፤ የቮልቴጁ ለውጥ ለከረንቱ ለውጥ ሲካፈል የጭነቱን ኢምፒዳንስ በአዎንታዊ ምልክት ይሰጣል። በሌላ አነጋገር ይህ ክፍፍል ሁልጊዜ የሚለካው ያልተበላሸውን ወገን ነው። ይህን አንድ ነጥብ የያዘ ሰው በጉዳዩ ላይ የተጻፉትን አብዛኞቹን ዘዴዎች በቀላሉ ይረዳቸዋል።

የክፍፍሉን የሬዚስታንስ ክፍል ምልክት ብቻ የሚያይ ዘዴ አለ። የቮልቴጁን ከከረንቱ ጋር በፌዝ የሚገጥመውን ክፍል ከከረንቱ መጠን ጋር በግራፍ አስቀምጦ የመስመሩን ዝንባሌ የሚያይም አለ፤ ዝንባሌው ወደ ታች ከሆነ ምንጩ በጭነቱ ወገን፣ ወደ ላይ ከሆነ በምንጩ ወገን ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመውና ለዚህ ዘርፍ ፈር የቀደደው ሥራ ደግሞ ቅጽበታዊውን የሦስት ፌዝ ኃይል ከክስተቱ በፊት ከነበረው ቀንሶ ትርፉ ወደየት እንደፈሰሰ ይከታተላል፤ ትርፍ ኃይል የሚፈሰው ወደ መንስኤው ነው ከሚል ሐሳብ በመነሣት። የርቀት ሪሌይን (ፎልትን በኢምፒዳንስ ለይቶ ብሬከር የሚያወርድ መከላከያ መሣሪያን) ልማድ ተከትሎ በሳጉ ጊዜ የሚታየውን ኢምፒዳንስ ከቀድሞው ጋር የሚያነጻጽርም አለ። ስማቸውና ሒሳባቸው ይለያያል እንጂ የሚጠይቁት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ስለሆነም ያልተነካው ወገን እንደ ቀላል ኢምፒዳንስ ካልሠራ ሁሉም በአንድነት ይሳሳታሉ።

በእርስዎ ፋብሪካ የሆነው ይኸው ነው። ድራይቭ ሞተሩ የሚፈልገውን ኃይል ከማድረስ ወደኋላ አይልም፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ከረንቱን ከፍ ያደርጋል። ቮልቴጅ ወርዶ ከረንት የሚጨምር ጭነት ደግሞ ለለውጥ ሲታይ አሉታዊ ሬዚስታንስ ነው። ምልክት ብቻ የሚያይ ሶፍትዌር ይህን ባየ ጊዜ «ቮልቴጅ ወረደ፣ ከረንት ጨመረ፤ ስለዚህ ከጭነቱ ወገን ነው» ብሎ ይደመድማል፤ የሚያገኘው ግን ከላይ የመጣን ሳግ ለመቋቋም የሚታገል ድራይቭ ነው።

መፍትሔው ምልክቱን ብቻ ሳይሆን የክፍፍሉን መጠን ማየት ነው። የምንጭ ኢምፒዳንስዎ የ20 ኪሎ ቮልት ስኩዌር ለ250 ሜጋ ቮልት አምፔር ሲካፈል፣ 1.6 ኦም ነው። የጭነትዎ ኢምፒዳንስ ደግሞ በተመሳሳይ መንገድ ለ4 ሜጋ ቮልት አምፔር ሲካፈል 100 ኦም ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ከ60 እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። አሁን የላኩትን ክስተት እንየው። በአንድ ፌዝ ያለው ቮልቴጅ 11.55 ኪሎ ቮልት ስለሆነ የ18 በመቶ ጉድለት 2080 ቮልት ያህል ነው። ይህን ለ23 አምፔር ጭማሪ ስናካፍለው 90 ኦም እናገኛለን፤ የምንጭ ሳይሆን የጭነት መጠን ያለው ቁጥር ነው። ከሌላው ጫፍ ብንነሣም እዚያው እንደርሳለን፦ ከፋብሪካው ውስጥ የሆነ ነገር በ1.6 ኦም ላይ 2080 ቮልት ለመብላት 1300 አምፔር ያህል ተጨማሪ ከረንት መሳብ ነበረበት። የፌዝ አንግል ለውጥ አልታሰበም የሚል ቢኖር፣ ከረንቱ ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ ቢሆን እንኳ ከ115 እና 138 አምፔር የሚገኘው ትልቁ ለውጥ 253 አምፔር ነው። ከ1300 በእጅጉ ያነሰ ነው። በዚህ ክስተት ላይ ክርክሩ እዚህ ያበቃል፤ ኃይል አቅራቢው የራሱን የሾርት ሰርኪት አሃዝ እስካመነ ድረስ ይህን መቀበል አለበት።

የቀሩትን ሁለት ክስተቶች አሃዝ አላየሁም፤ ስለዚህ አልፈርድም። በተመሳሳይ መንገድ ሲያሰሏቸው ግን ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ።

የመጀመሪያው የሲቲ (መለኪያው ከረንቱን የሚያነብበት ትራንስፎርመር) አቀማመጥ ነው። አንድ ሲቲ ተገልብጦ ከታሰረ ወይም የሁለት ፌዞች ሽቦ ከተቀያየረ አቅጣጫ የሚባል ነገር ትርጉም ያጣል። አንድ ጊዜ ለወራት የዘለቀ ክርክር ውስጥ ገብቼ፣ በመጨረሻ ከሦስቱ ሲቲዎች የአንዱ ጫፎች ተገላብጠው መታሰራቸውን ያገኘሁበት አጋጣሚ አለ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የማንም ስሌት ስህተት አልነበረውም። ማመንጫ የሌለው ፋብሪካ በመደበኛ ጊዜ በእያንዳንዱ ፌዝ አዎንታዊ አክቲቭ ኃይል ማሳየት አለበት፤ ድምሩን ሳይሆን እያንዳንዱን ፌዝ ለየብቻ ይመልከቱ። ከዚህም የተሻለ ፈተና አለ፦ በቀጥታ ከመስመር የሚነሣ ትልቅ ሞተር ካለዎት ሆን ብለው ያስነሡትና የሞገድ ቅጹን ይመዝግቡ። ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው 5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት ይስባል፤ ይህም ምንጩ በእርግጠኝነት በጭነቱ ወገን የሆነ፣ ሰዓቱን እርስዎ የመረጡት ሳግ ወይም ትንሽ የቮልቴጅ ዝቅታ ነው። ከዚህ ክስተት የሚያገኙት ክፍፍል ምልክቱ አሉታዊ፣ መጠኑም ወደ 1.6 ኦም የቀረበ መሆን ይገባዋል። ከሆነ መለኪያዎም፣ የአቅራቢው አሃዝም ትክክል ናቸው ማለት ነው። ካልሆነ ወደ ሌላ ነገር ከመሄድ በፊት ይህ መስተካከል አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ የትኛውን ሳይክል እንደሚመርጡ ነው፤ ብዙ ስህተት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አብዛኛው ድራይቭ በመግቢያው የዳዮድ ሬክቲፋየር (ተለዋዋጩን ከረንት ወደ ቀጥተኛ የሚቀይር ክፍል) አለው። ቮልቴጁ በድንገት ሲወርድ በውስጡ ያለው ካፓሲተር ከመስመሩ የበለጠ ቮልቴጅ ይዞ ስለሚቀር ዳዮዶቹ ይዘጋሉና በመጀመሪያው ቅጽበት ከረንቱ ይቀንሳል፤ እንዲያውም ሊቋረጥ ይችላል። ካፓሲተሩ እየፈሰሰ ወደ አዲሱ ቮልቴጅ ሲደርስ ግን ከረንቱ ተመልሶ ከቀድሞው በላይ ይወጣል። ስለዚህ ከላይ በመጣ ሳግ የመጀመሪያው ሳይክል ትክክለኛውን አዎንታዊ ምልክት ሲያሳይ፣ ከ3 ወይም 4 ሳይክል በኋላ ያለው ደግሞ አሳሳቹን አሉታዊ ምልክት ያሳያል። በቀጥታ ከመስመር የሚሠሩ ሞተሮችም የራሳቸው ባሕርይ አላቸው። በላይኛው ወገን ፎልት ሲደርስ በውስጣቸው የቀረው መግነጢሳዊ ኃይል ለጥቂት ሳይክሎች ወደ ፎልቱ ከረንት እንዲመልሱ ያደርጋቸዋል፤ የከረንቱን መጠን ብቻ የሚያይ ሰው ጭማሪውን አይቶ ፋብሪካውን ይወቅሳል፣ አቅጣጫውን የሚያይ ግን ከረንቱ ወደ ውጭ እንደፈሰሰ ይረዳል። ሳጉ ሲያበቃም እነዚሁ ሞተሮች ፍጥነታቸውን ለማስመለስ ብዙ ከረንት ስለሚስቡ ቮልቴጁ በዝግታ ይመለሳል፤ ይህ የፋብሪካው ምላሽ እንጂ መንስኤ አይደለም። በእነዚህ ምክንያቶች እኔ የምመርጠው ከመነሻው በኋላ ያለውን አንድ ወይም ሁለት ሳይክል ነው፤ የኋለኛውን ለማነጻጸሪያ ብቻ እጠቀምበታለሁ። የመለኪያዎ ሠንጠረዥ አንድ አማካይ ወይም አንድ ከፍተኛ ዋጋ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ይህን አያሳይዎትም፤ የሞገድ ቅጹ መዝገብ ራሱ ያስፈልጋል።

የሞገድ ቅጹን ሲያሰሉ ፍሪኩዌንሲውንም ይጠንቀቁ። ከክስተቱ በፊት የነበረውን ቬክተር (የቮልቴጁን ወይም የከረንቱን መጠንና አንግል) በጊዜ ወደፊት አሸጋግረን ነው ከክስተቱ ጊዜው ጋር የምናቀናንሰው። ኔትወርኩ በ49.9 ሄርትዝ እየሠራ ስሌቱ 50 ብሎ ከወሰደ፣ በ200 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የ7.2 ዲግሪ ሐሰተኛ የአንግል ለውጥ ይፈጠራል። ሳጉ ጥልቀት የሌለው ከሆነ ይህ ስህተት ምልክቱን ለመገልበጥ ይበቃል። እውነተኛውን ፍሪኩዌንሲ ከክስተቱ በፊት ካሉት ሳይክሎች አውጥተው ይጠቀሙ።

ሦስተኛው ጉዳይ የሚመለከተው ሦስቱም ፌዞች እኩል ያልወረዱባቸውን ክስተቶች ነው፤ ፎልት በአብዛኛው በአንድ ፌዝና በመሬት መካከል ስለሚደርስ እነዚህ ይበዛሉ። እያንዳንዱን ፌዝ ለየብቻ መመርመር እዚህ ያሳስታል፤ በተለይ በዴልታ እና በስታር (በሁለቱ የሦስት ፌዝ አስተሳሰር ዓይነቶች) የታሰረ ትራንስፎርመር በመካከል ካለ፣ ከላይ በአንድ ፌዝ ላይ የደረሰው ከታች በሁለት ፌዞች ላይ ይታያል። ቮልቴጁንና ከረንቱን ወደ ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭና ዜሮ ሲኩዌንስ (ያልተመጣጠኑ ሦስት ፌዞች በስሌት ወደሚከፈሉባቸው ሦስት የተመጣጠኑ ክፍሎች) ይፍቷቸው። እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ክስተት ከሁሉ በላይ የማምነው ኔጌቲቭ ሲኩዌንሱን ነው። በመደበኛ ጊዜ ዜሮ ሊባል የሚችል ስለሆነ ከቀድሞው መቀነስ አያስፈልግም፤ የኔጌቲቭ ሲኩዌንስ ቮልቴጅ በቀጥታ ለከረንቱ ይካፈላል። ፎልቱ በጭነቱ ወገን ከሆነ የምንጩ ኢምፒዳንስ በአሉታዊ ምልክት ይወጣል፤ በምንጩ ወገን ከሆነ የጭነቱ በአዎንታዊ ምልክት ይወጣል። የአቅጣጫ ሪሌዮችም ለረጅም ጊዜ የተማመኑበት መንገድ ይህ ነው። ለዜሮ ሲኩዌንስ ደግሞ አንድ ጠቃሚ ምልክት አለ፦ የመግቢያ ትራንስፎርመሮችዎ በ20 ኪሎ ቮልቱ በኩል በዴልታ የታሰሩ ከሆኑ ከላይ በደረሰ የመሬት ፎልት በመለኪያዎ የሚያልፍ የዜሮ ሲኩዌንስ ከረንት ከግቢዎ ኬብሎች ካፓሲታንስ ከሚመጣው ትንሽ መጠን በቀር አይኖርም። ትልቅ ሆኖ ከታየ ፎልቱ በመለኪያውና በትራንስፎርመሮቹ መካከል ባለው የራስዎ 20 ኪሎ ቮልት ክፍል ነውና እዚያ ይፈልጉት።

የሳጉ ቅርጽም ይናገራል። ፎልት በድንገት ያወርዳል፣ ብሬከሩ ከፍቶ ፎልቱን ሲቆርጥ በድንገት ይመለሳል፤ በግራፍ ሲታይ አራት ማዕዘን ይመስላል። ሞተር ሲነሣ በድንገት ወርዶ ሦስቱም ፌዞች እኩል ሆነው ለሰከንዶች ቀስ በቀስ ይመለሳሉ። ትራንስፎርመር ኃይል ሲሰጠው ሦስቱ ፌዞች የተለያየ ጥልቀት ይኖራቸዋል፣ ከረንቱም ብዙ ሁለተኛ ሃርሞኒክ (ከመስመሩ ፍሪኩዌንሲ እጥፍ የሆነ ሞገድ) ይይዛል። ርዝመቱም እንዲሁ ነው፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ባላቸው የማስተላለፊያ መስመሮች ላይ ያለ ፎልት አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ይለቀቃል፣ በማከፋፈያ ፊደር ላይ ያለው ደግሞ እንደ ሪሌዩ የጊዜ ቅንብር በመቶዎች ሚሊ ሰከንድ እስከ ሰከንድ ይቆያል። ተመሳሳይ ጥልቀት ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት ሳጎች በአጭር ልዩነት ከተከታተሉ ሪክሎዘር (ከከፈተ በኋላ በራሱ ተመልሶ የሚያገናኝ ብሬከር) በፎልት ላይ እየዘጋ እንደሆነ ይጠርጥሩ። የእርስዎ የ300 ሚሊ ሰከንድ ክስተት ከማስተላለፊያ መስመር ይልቅ ከጎረቤት ፊደር የመጣ ይመስለኛል።

አቅጣጫው ከታወቀ በኋላ ቦታውን መገመት ይቻላል። ፎልቱ ከባስባሩ በሚወጣ ሌላ ፊደር ላይ ከሆነ በባስባሩ የሚቀረው ቮልቴጅ በምንጩና በፊደሩ ኢምፒዳንስ መካከል ይከፈላል። የፊደሩ ኢምፒዳንስ በኪሎ ሜትር 0.4 ኦም ነው ብንልና ምንጩ 1.6 ኦም ከሆነ፣ ቮልቴጁ ወደ 60 በመቶ ሲወርድ ፎልቱ 6 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ወደ 82 በመቶ ሲወርድ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ መግባት ያለበት የምንጭ ኢምፒዳንስ የእርስዎ መስመርና የተበላሸው መስመር የሚለያዩበት ባስባር ላይ ያለው ነው፤ ፋብሪካዎ ከሰብስቴሽኑ ሩቅ ከሆነ የ1.6 ኦሙ ቁጥር አይሠራም። በተጨማሪም ስሌቱ የሦስት ፌዝ ፎልትንና ዜሮ የፎልት ሬዚስታንስን ታሳቢ ያደርጋል፤ ፎልቱ የራሱ ሬዚስታንስ ካለው ከእውነተኛው ቦታ የራቀ ያስመስለዋል። ስለዚህ ውጤቱን የመስመር ሠራተኛ የሚላክበት አድራሻ ሳይሆን የትኞቹ ፊደሮች ሊጠረጠሩ እንደሚችሉ የሚለይ ማጣሪያ አድርገው ይያዙት። ያን ያህል ርዝመት ያለው ፊደር ከሰብስቴሽኑ የማይወጣ ከሆነ ምንጩ ከትራንስፎርመሩ በላይ መሆኑን ያመለክታል። ይህን ለማረጋገጥ በሰብስቴሽኑ ትራንስፎርመር በሁለቱም ወገን ያለውን ቮልቴጅ በፐር ዩኒት (ለየወገኑ መደበኛ ቮልቴጅ ተካፍሎ) ማነጻጸር ይበቃል፤ ፎልቱ በታችኛው ወገን ከሆነ የታችኛው ቮልቴጅ ከላይኛው በጉልህ ይወርዳል፣ በላይኛው ከሆነ ሁለቱ ተቀራርበው ይወርዳሉ። ፌዞቹ እኩል ካልወረዱ ንጽጽሩ በፖዘቲቭ ሲኩዌንስ ይሁን። ቀለበት ሠርተው በሚገናኙ መስመሮች ላይ ግን ላይና ታች የሚባል ነገር ስለማይኖር አንድ መለኪያ አይበቃም፤ የብዙ መለኪያዎች አቅጣጫ ተገጣጥሞ ነው ፎልት ያለበት መስመር የሚለየው።

ለኃይል አቅራቢው ሲጽፉ የሶፍትዌሩን ፍርድ ወይም የርስዎን ተቃውሞ አይላኩ። የሞገድ ቅጹን መዝገብ፣ የክፍፍሉን ውጤት በኦም፣ የሞተር ማስነሣት ፈተናውን ውጤትና ክስተቱ የደረሰበትን ትክክለኛ ሰዓት ይላኩ፤ በዚያ ሰዓት ከዚያው ሰብስቴሽን የወረደ ወይም ተመልሶ የዘጋ ብሬከር እንዳለ ከሪሌዮቹ መዝገብ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። የመለኪያዎ ሰዓት በጂፒኤስ የማይስተካከል ከሆነ ዛሬውኑ ያስተካክሉት፤ የሁለቱ መዝገቦች ሰዓት በጥቂት ሰከንዶች እንኳ ከተለያየ፣ ነጎድጓድ በበዛበትና ፎልቶች በተደራረቡበት ቀን የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ከቀሩት ሁለት ክስተቶች አንዱ ወደ 1.6 ኦም የቀረበ አሉታዊ ቁጥር ከሰጠ ግን ኦፕሬተሮችዎ ያላዩት ነገር በግቢው ውስጥ ደርሷል ማለት ነው፤ ብሬከር ሳያወርድ የሚያልፍ ክስተት አለና የዚያን ጊዜ ለትራንስፎርመር ኃይል የሰጠ ወይም ትልቅ ሞተር ያስነሣ ሰው እንደነበረ ከሥራ መዝገቡ ይመልከቱ፣ በከረንቱ ውስጥም ሁለተኛ ሃርሞኒክ መኖሩን ይፈትሹ።